«ኧረ ይቀመጡ» የምንለው ደግነት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይቆይና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ 

ዛሬ የምናወራው ስለ መገጣጠሚያ ነው። ስለ ጉልበት፣ ስለ ዳሌ፣ ስለ ቁርጭምጭሚት። ሲያመን ምን እናድርግ? ስንጎዳ እንዴት እናገግም? ዕድሜ ሲገፋስ ከእንቅስቃሴ ሳንወጣ እንዴት እንቆይ?

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ቤታችሁ አሉ እንበል። ውሃ ሊቀዱ ብድግ ሲሉ ምን ትሏቸዋላችሁ?

አውቃለሁ። «ኧረ ይቀመጡ! እኔ እያለሁ?» ትሏቸዋላችሁ። ጎረቤት ካለ ይጨምርበታል፤ «ልጆች እያሉልዎት ምን ያስነሳዎታል?» ይላል። እሳቸውም መርቀው ይቀመጣሉ።

ደግነት ነው። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው፤ ታላቅን ማስቀመጥ ማክበር ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ከዚህ ደግነት ጋር ልከራከር ነው። ለምን ቢባል፣ የቆየ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚብስበት በመራመዱ ሳይሆን በመቀመጡ ነው።

ልድገመው፤ የምትሠሩትን ለአፍታ ተዉና ስሙኝ። የቆየ የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚብሰው በመቀመጥ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ እንዴት ሆኖ? ትሉኝ ይሆናል።

ዶሮ ወይም በግ ስትበልቱ የአጥንቱን ጫፍ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅና የሚያዳልጥ ሽፋን አለው። የእኛም አጥንቶች በሚንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች ላይ ይኸው ሽፋን አላቸው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያደርገው እሱ ነው።

ይህ ሽፋን አንድ የሚገርም ጠባይ አለው። የደም ሥር የለውም። ቆዳችን፣ ጡንቻችን፣ አጥንታችን ራሱ ምግቡን የሚያገኘው ከደም ነው። ይህ ሽፋን ግን ደም አይደርሰውም። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል?

በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው የሚያገኘው። አወሳሰዱም እንደ ስፖንጅ ነው። ስንረግጥ ይጨመቃል፤ እግራችንን ስናነሳ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ረገጥ፣ ከፍ። ረገጥ፣ ከፍ። በዚያች ልውውጥ ነው የሚመገበው። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ጉልበት እንግዲህ ከምግቡ ጎድሎበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጡንቻ ነው። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ከፊት ያለው ትልቁ የጭን ጡንቻ ነው። እግሩ ተሰብሮ ጄሶ ታስሮለት የነበረ ሰው ጄሶው የተፈታለት ቀን አይታችሁታል? ሁለቱን እግሮቹን ጎን ለጎን ሲያስተያያቸው የታሰረው ቀጥኖ፣ ጭኑ ሟሙቶ ያገኘዋል። ያ ሁሉ የሆነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በወንበር ላይ ለወራት የተቀመጡ እናትስ ጭናቸው ምን ይሆናል? ጄሶ የለም፤ የሚሆነው ግን ያው ነው፤ ብቻ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለውም።

እና እንዲህ ይሽከረከራል፦ ያማል፤ ስላመመ ይቀመጣሉ፤ ስለተቀመጡ ጡንቻው ይሳሳል፤ ጡንቻው ሲሳሳ ጫናው ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ጫናው ሲበዛ የበለጠ ያማል። ከዚያስ? ከዚያማ እኛ ልጆች እንመጣና «አላልኩዎትም? ይቀመጡ!» እንላለን።

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ በስልክ መስመራችን ደጋግመው የሚመጡ ሁለት አባባሎች አሉ። አንደኛው «የጉልበቴ ቅባት አልቋል» ነው። ሁለተኛው «ብርድ ነው የመታኝ»።

ቅባቱ አልቆ አይደለም። የመገጣጠሚያው ፈሳሽ በዕድሜና በሕመም ጠባዩ ይለወጣል፤ ሽፋኑም ሊሳሳ ይችላል። ግን እንደ መኪና ዘይት ተንጠፍጥፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ያመርተዋል። ስትነሱ ጉልበታችሁ ቀጭ ቀጭ ቢልም፣ ሕመምና እብጠት እስከሌለበት ድረስ ድምፁ ብቻውን አያስፈራም።

ብርዱስ? በብርድ ቀን መገጣጠሚያ መገተሩ እውነት ነው፤ ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ቢያደርጉበት ቀለል ይላል። ብርዱ ግን ሽፋኑን አይበላውም። የሚጎዳን ብርዱን ፈርተን ከጠዋት እስከ ማታ ጋቢ ተከናንበን መቀመጣችን ነው። ይህን ስል ከአገር ቤት ልጅ ለመጠየቅ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሄዱ ወላጆች ትዝ ይሉኛል። ልጅ ሥራ ነው፤ ውጪው በረዶ ነው፤ ቋንቋው አያስወጣም። ገበያ ለገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን ሲሉ የኖሩ ሰዎች ክረምቱን ሙሉ ሶፋ ላይ ያሳልፉታል። ባሕር ማዶ ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን ነገር እዩልን። ሌላው ቢቀር የሕንፃው ኮሪደርም እኮ ይረገጣል።

የክብደት ነገርም መነሳት አለበት። ሲወፈር «አማረብሽ» የሚባልበት አገር ስለሆነ ጉዳዩ ስስ ነው፤ ቢሆንም ልናገረው። ከክብደታቸው በላይ በሆኑና ጉልበታቸውን በሚያማቸው ታላላቆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በእያንዳንዱ እርምጃ ነው የምላችሁ። አምስት ኪሎ የቀነሰች ሴት ከቤቷ እስከ ሱቅ ስትሄድ ለጉልበቷ ምን ያህል እንዳቀለለችለት እናንተው አስቡት።

(ሞቅ ያለ ሙዚቃ፤ ከአቅራቢው ድምፅ ሥር በዝግታ ይቀጥላል)

አቅራቢ፦ በሉ አሁን ወሬ አበዛሁ፤ እንሥራ። ሬዲዮ እየሰሙ መሥራት ይቻላል። መኪና የምትነዱ ብቻ እናንተ አዳምጡ።

ወንበር አምጡ። ዱካ አይሆንም፤ በርጩማም አይሆንም፤ ዝቅተኛ መቀመጫ የታመመ ጉልበትን ያስጨንቃል። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይሁን። ዝቅ ካለባችሁ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ደርቡበት። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት፤ እንዳይንሸራተት።

ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ክፈቱ። ተረከዛችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት። አሁን ደረታችሁን ወደ ፊት አዘንብሉ፤ አፍንጫችሁ ከእግር ጣታችሁ ትይዩ እስኪሆን። በእጃችሁ ሳትገፉ፣ ቀስ ብላችሁ ተነሱ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆማችኋል?

አሁን ደግሞ ተቀመጡ፤ ግን ዘጭ እንዳትሉ! ቀስ ብላችሁ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ዋናው ሥራ መቀመጡ ላይ ነው፤ ጡንቻው የሚሠራው ቀስ እያላችሁ ስትወርዱ ነው።

ያለ እጅ አልተቻለም? ምንም አይደል፤ ጠረጴዛ ያዙ፤ የሰው እጅም ያዙ። ዛሬ አምስት ጊዜ ይበቃል። እስቲ አብረን አንዴ እንድገመው። ተነሱ...

(የአምስት ሰከንድ ዝምታ)

...ተቀመጡ። ጎበዝ!

ጨርሶ መነሳት ለማይችሉ ደግሞ የአልጋ ላይ ሥራ አለ። እግርን ዘርግቶ መቀመጥ፤ ጋቢ ወይም ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበት ሥር ማድረግ፤ ከዚያ ጉልበትን ወደ ታች፣ ጋቢው ላይ መጫን። ጭናችሁ ሲጠነክር በእጃችሁ ዳስሱት። እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁት። አሥር ጊዜ። ቁርስ እስኪደርስ ያልቃል።

አሁን ጥያቄ ይመጣል፤ «ስሠራ ቢያመኝስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚቻል፣ ቀለል ያለ ሕመም ቢሰማችሁ አትደንግጡ፤ ጉልበታችሁ እየተበላሸ ነው ማለት አይደለም። ፈራጁ የነገው ጠዋት ነው። በማግስቱ ስትነሱ ጉልበታችሁ እንደ ወትሮው ከሆነ ልኩን ሠርታችኋል። ካበጠ ወይም ከወትሮው የበለጠ ካመመ አብዝታችኋል፤ ቀንሱ። ቀንሱ ነው ያልኩት፤ ተዉ አላልኩም።

ከዘራ የምትይዙ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከዘራውን በየትኛው እጃችሁ ነው የምትይዙት? ብዙ ሰው ቀኝ ጉልበቱን ካመመው በቀኝ እጁ ይይዛል። በተቃራኒው ነው! ቀኝ ጉልበት ካመመ ከዘራው በግራ እጅ ይያዛል፤ ከታመመው እግር ጋር እኩል ይራመዳል። ቁመቱም እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ ስታንጠለጥሉት የእጃችሁ አንጓ ላይ የሚደርስ ይሁን። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ፣ ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ የታመመው ይቅደም። ደግመን እንበለው፤ ስንወጣ ጤነኛው፣ ስንወርድ የታመመው።

ስለ ስግደትና ስለ ሶላትም የምትጠይቁ አላችሁ። መንበርከክ ጤነኛ ጉልበትን አያበላሽም። የታመመ ሰው ግን ተቀምጦ መስገድ በእስልምና የተፈቀደ ነው፤ ክርስቲያኖችም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ በሽተኛን ከአቅሙ በላይ ስገድ የሚል አባት አይኖርም።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይቋረጣል)

አቅራቢ፦ ከቆየ ሕመም ወደ ድንገተኛ ጉዳት እንሻገር። ክረምት ነው እንበል፤ ኮብልስቶኑ ረጥቧል፤ እግራችሁ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ወለምታ። ከደቂቃዎች በኋላ ቁርጭምጭሚቱ በውጪ በኩል ያብጣል፤ በማግስቱ ይጠቁራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ተሰብሯል ወይስ ወለምታ ነው?» የሚለው ነው። በካናዳ ኦታዋ ከተማ ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለዚህ ቀላል መለያ አውጥተዋል፤ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። አዋቂ ሰው ከሆናችሁ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ እያነከሳችሁም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ትችላላችሁ? ሁለተኛ፣ በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩት አጥንቶች የኋላ ጠርዝና ጫፋቸው በጣት ሲጫን አጥንቱ ላይ ያማል? አራት እርምጃ ካቃተ፣ ወይም አጥንቱ ሲነካ ካመመ፣ ራጅ ያስፈልጋል። የእግር መሐል አጥንትም ሲጫን ካመመ እንደዚሁ።

ስብራት ካልሆነስ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በሚለጠጥ ፋሻ ሳያጠብቁ መጠቅለል። በእነዚህ ቀናት የፈላ ውሃ አይሆንም። በአረቄ ማሸትም አይሆንም። ጠንካራ እሽትም አይሆንም፤ ውስጥ ለውስጥ የሚፈሰውን ደምና እብጠቱን ያብሰዋል።

«በረዶስ?» የምትሉ ስፖርተኞች ትኖራላችሁ። የሚገርም ታሪክ አለው። በ1978 እ.ኤ.አ. ጌብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ የስፖርት ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ ለተጎዳ ሰው አራት ነገር አዘዘ፤ እረፍት፣ በረዶ፣ መጠቅለልና ከፍ ማድረግ። ዓለም ሁሉ ተቀበለው፤ አሠልጣኞች እንደ ጸሎት ደገሙት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ራሱ ሚርኪን በረዶውም ሙሉ እረፍቱም ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፈ። ለሕመም ማስታገሻ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ክፋት የለውም። አብዝቶ የማሳረፍ ጉዳት ግን፣ አያችሁ፣ እዚህም ተመልሶ መጣ።

እናም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እግሩ መንቀሳቀስ አለበት። እንዴት? ተቀምጣችሁ እግራችሁን ከመሬት አንሱና በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ፊደል ጻፉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ... እስከ ፐ። ልጅ ካላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ እሱ ይቁጠር፣ እናንተ ጻፉ። ቁርጭምጭሚቱ በየአቅጣጫው ይዞራል፤ ልጁም ፊደል ያጠናል።

ሕመሙ ሲቀል የመጨረሻው ሥራ በአንድ እግር መቆም ነው። ግድግዳ አጠገብ ቁሙ፤ ጥርሳችሁን ስትፋቁ በተጎዳው እግር ብቻ ቁሙ። ይህን የሚሠራ ሰው ብዙም የለም፤ ስለዚህ ነው ያችው እግር በዓመቱ ደግማ የምትታጠፈው። ወለምታ ጅማትን ብቻ ሳይሆን ሚዛንንም ይጎዳል፤ ሚዛን ካልሠለጠነ ጉዳቱ ተመላልሶ ይመጣል።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ።

ወጌሻ የአገራችን የቆየ ሙያ ነው። የእግር ኳስ ቡድኖቻችን እንኳ ሜዳ ውስጥ ሮጦ የሚገባውን ባለሙያ እስከ ዛሬ «ወጌሻ» ነው የሚሉት። ውልቃት የመለሱ፣ ለሰፈር የደረሱ ብዙ ናቸው፤ ሆስፒታል በራቀበት ቦታ ደግሞ ሌላ ምርጫ የለም። እኔ ወጌሻን ከማጥላላት ወገን አይደለሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። እሱም የጠበቀ እስር ነው። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተደግፎ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ውስጡ ማበጡን ይቀጥላል። እስሩ አይሰፋም። ያበጠው ሥጋ መሄጃ ሲያጣ የደም ሥሩን ይዘጋል። በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች ከዚህ የተነሣ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች፣ በተለይ ሕፃናት፣ አሉ። የሚያሳዝነው፣ የመጀመሪያው ስብራት ብዙ ጊዜ ቀላል ነበር።

ስለዚህ ያሰረው ወጌሻም ይሁን ሐኪም ቤት፣ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን ጠብቁ። ቀዝቅዘዋል? ጠቁረዋል ወይም ነጥተዋል? ደንዝዘዋል? ጣቱን ቀጥ ስታደርጉለት ልጁ ይጮኻል? ሕመሙ ከመቅለል ይልቅ እየባሰ ነው? ከእነዚህ አንዱ ካለ እስሩን አሁኑኑ ፍቱና ወደ ሆስፒታል። ሌሊት ቢሆንም። «ነገ ወጌሻው ይየው» አይባልም። ወጌሻዎቻችሁንም በዚህ ጉዳይ አናግሯቸው፤ በአገራችን ስለ እስር አደጋ ሥልጠና በተሰጠበት አካባቢ የሚቆረጠው ሰው ቁጥር መቀነሱ ታይቷል።

ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ፤ በአጭሩ ልጥቀሳቸው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ እሳት ሆኖ፣ ትኩሳት ከጨመረበት መግል ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን መታየት አለበት። የእግር አውራ ጣት ሌሊት በድንገት አብጦ አንሶላ እንኳ አላስነካ ካለ ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋና ቢራ ያባብሱታል፤ መድኃኒትም አለው።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ስለ ልጆች ነው። ልጃችሁ ጉሮሮውን ታሞ፣ ቶንሲል ተብሎ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ አበጠ፤ እሱ ሲሻለው ክርኑ ወይም ቁርጭምጭሚቱ አበጠ እንበል። «እያደገ ነው» ወይም «ወድቆ ይሆናል» ብላችሁ አትለፉት። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያውን ነክቶ ያልፋል፤ ልብን ግን ይጎዳል። በአገራችን ብዙ ወጣቶች የልብ በር ሕመምተኛ የሆኑት በዚህ ነው። ጉሮሮው በጊዜ በፔኒሲሊን ከታከመ አይመጣም፤ ከመጣም በየወሩ ገደማ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይደገም ይደረጋል።

ማስታገሻን በተመለከተ አንድ ቃል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ይጠቅማሉ። ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ግን ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሕመሙ በክኒን ብቻ የሚያዝ ከሆነ ለሐኪም ንገሩት እንጂ ክኒኑን አትጨምሩ።

(ዝግ ያለ የክራር ዜማ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ አንድ የምናውቀው ሰው ልውሰዳችሁ። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። በቶኪዮ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከአንድ ወር ብዙም ሳይርቅ ሮጦ ደግሞ አሸነፈ። በሜክሲኮ ተጎድቶ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣው። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙም አናወራም።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገለበጠች። አበበ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተወሰደ። ይህ ሆስፒታል ታሪክ አለው። ከዚያ ዘመን በፊት አከርካሪው የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ይተኛ ነበር፤ ይተኛና ቁስልና ኢንፌክሽን ይገድለው ነበር። ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም በ1944 እ.ኤ.አ. እዚያ ክፍል ከፈተና ይህን ሻረ። በሽተኞቹን አገላበጣቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ከዚያ ቀስትና ኳስ ሰጣቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በሆስፒታሉ ግቢ 16 ሰዎችን በተሽከርካሪ ወንበር ቀስት አወዳደረ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ግቢ ነው። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ውድድር የተከፈተው ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ነው፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ከተማ።

አበበም በተራው እዚያ ሆስፒታል ሲደርስ ቀስት ሰጡት። በ1970 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስት ተሰለፈ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና አሸነፈ። የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ፣ በረዶ ላይ፣ በውሻ ጋሪ! ዳግመኛ በእግሩ አልቆመም፤ ከስፖርት ግን አልወጣም።

እና እኛስ? ሁለት እግራችን እያለ ጉልበት አመመን ብለን የምንቀመጥ?

ሩጫ ካነሣን አይቀር፣ «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል» የሚለው ወሬ ለተራው ሯጭ አይሠራም። ለጤናቸው የሚሮጡ ሰዎች ከማይንቀሳቀሱት የበለጠ ጉልበታቸው አያረጅም። ከባድ ጉዳት ደርሶባችሁ ከሆነ ግን ሐኪም አማክሩ። ደግሞም ሕመም በበረታበት ቀን ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2010 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ እዚያው ሩጫ አቆምኩ ብሎ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረ፤ ከውድድር በይፋ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቁጥሩ አያስፈራችሁ፤ በአምስት ቀን ሲካፈል ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ የታክሲ ፌርማታ ቀደም ብሎ ወርዶ በእግር መሄድም ከዚያ ላይ ይታሰባል። ጀሪካን ተሸክማችሁ ውሃ የምትቀዱ፣ በእርሻ የምትውሉ ደግሞ እናንተ እንቅስቃሴ አላነሳችሁም፤ ለእናንተ የምለው ሸክሙን በሁለት እጅ ከፋፍላችሁ ያዙ፤ ከመሬት ስታነሱ ወገባችሁን ሳይሆን ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ማታ ደግሞ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይጀምራል)

አቅራቢ፦ ሰዓታችን አልቋል። ለልጆች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ከወንበር አምስት ጊዜ አስነሷቸው፤ አጠገባቸው ቁማችሁ፣ እየቆጠራችሁ። ነገ ጠዋት ጉልበታቸው እንዴት እንዳደረ ጠይቁና ልኩን ከዚያ ወስኑ። ጉልበቱ ካበጠና ከጋለ ግን ሥራውን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ያጋጠማችሁን በስልክ መስመራችን ንገሩን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ወገብ ሕመም ስናወራ ከእሱ እንጀምራለን። ደህና ሰንብቱ!

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)